የአፍሪካ አዳራሽ የመስተዋት ሥዕል፤ በወረቀት የምናየውና በብርሃን የሚታየው

የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አመሠራረት የሚለውን ትምህርት ያስተማረ የታሪክ መምህር ሁሉ አንድ ሥዕል ሳያነሣ አያልፍም። ሥዕሉም ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ለአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ ያበረከቱት፣ «የአፍሪካ ሙሉ ነፃነት» በሚል ርእስ የሚታወቀው የመስተዋት ሥራ ነው። እኔም ከአንድ አሮጌ የቀን መቁጠሪያ ላይ የቆረጥሁትን ቅጂ በሰሌዳው ላይ እየለጠፍሁ፣ በበትር እየጠቆምሁ፣ «ይህ ያለፈው ዘመን ነው፤ ይህ ትግሉ ነው፤ ይህ ደግሞ ተስፋው ነው» እያልሁ ለብዙ ዓመታት አስተምሬአለሁ። ተማሪዎቹም ይጽፉታል፤ በፈተናም ይመልሱታል።

አንድ ቀን ከኋለኛው ወንበር የተቀመጠች ተማሪ እጅዋን አወጣችና፣ «መምህር፣ ሠዓሊው ሁሉንም ነገር በጥቁር መስመር የከበበው ለምንድን ነው?» ስትል ጠየቀች። እኔም ሳላስብ «ቀለሙን ለማድመቅ ነው» ብዬ መለስሁና ወደ ትምህርቴ ተመለስሁ። መልሱ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አልነበረም። ዳሩ ግን ስለማላውቀው ነገር እንደሚያውቅ ሰው መናገሬ ነበርና ጥያቄዋ ከዚያ ወዲህ ከኅሊናዬ አልጠፋም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የቀረበ መልስ ነው። የመልሱም ጭብጥ ባጭሩ ይህ ነው፦ ያስተማርነው ሥዕሉን አይደለም፤ የሥዕሉን ፎቶግራፍ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ስለ ሥራው በምንሰጠው ፍርድ ላይ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

አስቀድሞ የሥራውን ታሪክ ባጭሩ እናስታውስ። የአፍሪካ አዳራሽን ንድፍ ያወጡት ኢጣሊያዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ሲሆኑ፣ ሕንፃው በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ ሆነ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመው እዚሁ ነው። የመስተዋቱ ሥራ በሦስት ክፍል ሆኖ በጠቅላላው 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ሠዓሊው አንኮበር ተወልደው፣ በ1940ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ግድም ለማዕድን ምሕንድስና ትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ተልከው፣ በዚያው ወደ ሥዕል ያዘነበሉና በለንደን የስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። ከዚያም በአውሮፓ ሲዘዋወሩ የመስተዋት ሥዕል አነዳደፍንና አሠራርን አጥንተዋል። ስለዚህ ወደ አዳራሹ ሥራ ሲገቡ ለመስተዋት እንግዳ አልነበሩም።

አሁን ወደ ተማሪዋ ጥያቄ እንመለስ። የመስተዋት ሥዕል በመስተዋት ላይ የተቀባ ሥዕል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በጥንቱ የአሠራር ደንብ ቀለሙ ያለው በመስተዋቱ ሰውነት ውስጥ ነው፤ መስተዋቱ ገና በእቶን ቀልጦ ሳለ የማዕድን ውሕድ ይጨመርበታል። ኮባልት ሰማያዊ ያወጣል፤ መዳብ እንደ አቀላለጡ አረንጓዴ ወይም ቀይ ይሆናል። ቀዩ መስተዋት እጅግ ጥቅጥቅ ስለሚል፣ ብቻውን ወፍሮ ቢሠራ ብርሃን አያሳልፍም፤ ጥቁር መስሎ ይቀራል። ስለዚህ ባለሙያዎች በነጭ መስተዋት ላይ ስስ የቀይ ልባስ ይደርቡበታል።

ሠዓሊው በመጀመሪያ የመስኮቱን ሙሉ መጠን የሚያህል ንድፍ በወረቀት ያወጣል። ከዚያም እያንዳንዱ ቀለም በየቅርጹ ከመስተዋት ይቆረጣል፤ ልክ ልብስ ሰፊ ጨርቁን በልኬቱ እንደሚቆርጥ ማለት ነው። የፊት ገጽታ፣ የጣት፣ የልብስ እጥፋት የሚታየው ከብረት ዝገትና ከተፈጨ መስተዋት በተሠራ ጠቆር ያለ ቀለም ነው። ይህም ቀለም ከተቀባ በኋላ ቁራጩ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያልፍ ሙቀት ይተኮሳል፤ ያን ጊዜ ቀለሙ ከመስተዋቱ ጋር ይዋሐዳል። ከ14ኛው ምእተ ዓመት (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ የብር ውሕድ በመስተዋቱ ጀርባ ተቀብቶ ሲተኮስ ከሎሚ እስከ ብርቱካን የሚደርስ ቢጫ እንደሚሰጥ ታወቀ። በዚህ ዘዴ ነጭ ፀጉርና ቢጫ አክሊል በአንድ ቁራጭ ላይ ለመሥራት ተቻለ።

በመጨረሻ ቁርጥራጮቹ ይገጣጠማሉ። የሚያያዛቸው በሁለት ጎኑ ጎድጎድ ያለ ቀጭን የእርሳስ ዘንግ ነው፤ እርሳስ ስል የምንጽፍበትን ሳይሆን ማዕድኑን ነው። እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ በቅርጹ ዙሪያ እንደ ልብ ይታጠፋል። በየመገናኛው ይበየዳል፤ ክፍተቱም ውሃ እንዳያስገባ በስቱኮ ይደፈናል። እንግዲህ ተማሪዋ ያየችው ጥቁር መስመር ይህ ነው። ቀለም ማድመቂያ ከመሆኑ በፊት የሥራው አጥንት ነው። እርሱ ባይኖር መስኮቱ አይቆምም።

ይህን ካወቅን በኋላ የአፍሪካ አዳራሽን ሥራ እንደገና ብናየው ምን እናገኛለን? አንደኛ፣ የሠዓሊው ትልቁ ችሎታ ያለው በዚሁ መስመር አጠቃቀም ላይ መሆኑን እናያለን። ደካማ የመስተዋት ሠዓሊ መስመሩን እንደ ግዴታ ይሸከመዋል፤ ሥዕሉን ይሥልና መስመሩ በተገኘበት እንዲያልፍ ያደርገዋል። አፈወርቅ ግን መስመሩን ከሰው ሰውነት ጋር ያስኬዱታል። የኢትዮጵያን የብራና ሥዕሎች በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ሳይቀር ፈልገው ያጠኑ ሰው መሆናቸውን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። የብራና ሠዓሊዎቻችን መልክን በጥቁር መስመር ከበው፣ ውስጡን በደማቅ ቀለም መሙላት የቆየ ልማዳቸው ነው። የአውሮፓ መስተዋት ሠሪና የጎንደር ዘመን ሠዓሊ ሳይተዋወቁ በዚህ ነገር ተመሳስለዋል። አፈወርቅ ሁለቱን ያገናኙት በወሬ ሳይሆን በእጅ ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ ነጩን ልብስ እንመልከት። ችቦ ይዞ ከፊት በሚታየው ኢትዮጵያዊ ቤተ ሰብ ላይ ያለው ነጭ ልብስ በወረቀት ቅጂ ላይ ሲታይ ከሁሉ የደከመው ቦታ ነው፤ ያልተቀባ ወረቀት ይመስላል። በአዳራሹ ውስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ነጭ መስተዋት ከባለቀለሙ የበለጠ ብርሃን ያሳልፋልና፣ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይን የሚስበው ያ ልብስ ነው። ደመና ሲያልፍ ይደበዝዛል፤ ፀሐይ ሲወጣ ይበራል። ተስፋ የሚለውን ቃል ለተማሪ በሰሌዳ ላይ ከመጻፍ ይልቅ ይህን ለአምስት ደቂቃ ቆሞ ማየት ይበልጥ ያስተምራል።

ሦስተኛ፣ የማይስማማኝንም መናገር አለብኝ፤ አድናቆት ብቻውን ሒስ አይባልምና። ያለፈውን መከራ ለማሳየት ሠዓሊው ዘንዶን ተጠቅመዋል። ዘንዶው ለማንም ኢትዮጵያዊ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ጋር ያላደገ ልጅ ጥቂት ነው። የተባበሩት መንግሥታትን የሚወክለው ግን የብረት ጥሩር የለበሰ የአውሮፓ ባላባት ወታደር ነው። ይህ ምስል በአውሮፓ ካቴድራሎች መስኮት ላይ ቤተኛ ነው፤ በዚህ ሥራ ላይ ግን እንግዳ ሆኖ ቆሟል። በየክፍሉ ሳስተምር ተማሪዎች ሁልጊዜ «ይህ ማነው?» የሚሉት ስለ እርሱ ነው። ምልክት ተብሎ የቀረበ ነገር በአስተማሪ አፍ ካልተተረጎመ የማይናገር ከሆነ፣ ጉድለቱን የተማሪው ነው ማለት አይገባም። ስለ ነፃነት በሚናገር ሥራ ውስጥ ጠባቂው ከውጭ የመጣ ጥሩር ለባሽ መሆኑም ሊያከራክር የሚችል ነው። ይህን ክርክር ወደ ክፍል ማስገባት፣ «ምልክቶቹን ዘርዝር» ከሚል የፈተና ጥያቄ እጅግ ይሻላል።

ሌላው ብዙ ጊዜ የምንዘነጋው ጉዳይ የሥራው ባለቤትነት ነው። ትልልቅ የመስተዋት ሥራዎች የአንድ ሰው እጅ ውጤቶች አይደሉም። ንድፍ አውጪ አለ፤ ቆራጭ አለ፤ ተኳሽ አለ፤ አያያዥ አለ። በዚያው ዘመን ሠዓሊው ማርክ ሻጋል በኢየሩሳሌም ለሚገኘው የሐዳሳ ሆስፒታል ምኩራብ 12 መስኮቶችን ነድፈው እ.ኤ.አ. በ1962 ተመርቀዋል። ሥራው የተሠራው በፈረንሣይ አገር በሬምስ ከተማ፣ ሻርል ማርክ ከሚባሉት የመስተዋት ጥበበኛ ጋር ነው። ማርክ በአንድ መስተዋት ላይ ብዙ ቀለም በአንድነት የሚውልበትን ዘዴ ባያገኙ ኖሮ፣ ሻጋል እንደ ሸራ ላይ ሥዕል ቀለሙን እያዋሐዱ ለመሥራት ባልቻሉም ነበር። እንግዲህ በክፍል ውስጥ የሠዓሊውን ስም ስናነሣ የእጅ ባለሙያዎቹንም ድርሻ ብንጠቅስ፣ ለእጅ ሥራ ያለንን ንቀት ለማረም አንድ እርምጃ ይሆናል።

ከዚህ ቀጥሎ የእድሳት ነገር ይመጣል። መስኮት ከሸራ ሥዕል የሚለየው ሥራውን ከቤት ውጭ ቆሞ የሚሠራ በመሆኑ ነው። ፀሐይ ያሞቀዋል፤ ዝናብ ይመታዋል፤ ነፋስ ይገፋዋል። እርሳሱ ይደክማል፤ ስቱኮው ደርቆ ይረግፋል፤ መስተዋቱ ይጎብጣል፤ ይሰነጠቃልም። በነገራችን ላይ አንዳንድ የሳይንስ መምህራን «መስተዋት በዘመናት ብዛት ወደ ታች ይፈስሳል፤ ለዚህም ነው የጥንት መስኮት ግርጌው የሚወፍረው» ሲሉ እሰማለሁ። ይህ ስሕተት ነው። የጥንቱ መስተዋት በእስትንፋስ እየተነፋ ስለሚሠራ ከመጀመሪያውም ውፍረቱ እኩል አልነበረም፤ በቤት ሙቀት የሚፈስስ መስተዋት የለም።

የእድሳትን አስቸጋሪነት የሚያስረዳ አንድ ጥሩ ምሳሌ በእንግሊዝ አገር በዮርክ ካቴድራል ይገኛል። የምሥራቁን ታላቅ መስኮት የሠሩት የኮቨንትሪው ጆን ቶርንተን ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1405 ተዋውለው በ1408 ጨረሱት። መስኮቱ ከ300 የሚበልጡ ክፍሎች አሉት። ከዚያ ወዲህ በየዘመኑ የተሰበረ ነገር በተገኘ ቁጥር ጠጋኞች በስንጥቁ ላይ አዲስ እርሳስ እየጨመሩ ሄዱ። ሁሉም የሠሩት በቅንነት ነው፤ ነገር ግን የጥገናው እርሳስ በዝቶ ቶርንተን የሣሉትን ፊት እንደ መረብ ሸፈነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በተጠናቀቀው ታላቅ እድሳት ባለሙያዎቹ ብዙውን የጥገና እርሳስ አውጥተው፣ ስብርባሪውን ጠርዝ ለጠርዝ በማጣበቂያ አገናኙት። ከውጭ በኩልም ተከላካይ መስተዋት አቆሙለት። ደንባቸውም ግልጽ ነው፦ ዋናውን ቁራጭ በተቻለ መጠን መጠበቅ፣ የተጨመረውን መዝግቦ መያዝ፣ የሚጨመረውም ነገር ወደፊት የተሻለ ዘዴ ሲገኝ ሊነሣ የሚችል እንዲሆን ማድረግ።

የሻጋል መስኮቶች እ.ኤ.አ. በ1967 ጦርነት በተጎዱ ጊዜ ሠዓሊው በሕይወት ስለነበሩ የተበላሹትን ራሳቸው ሠርተው ተኩ። የአፍሪካ አዳራሽ መስተዋት ተራው ሲደርስ ግን እንዲህ ያለው ዕድል አልነበረም፤ ሠዓሊ አፈወርቅ በ2004 ዓ.ም. ዐርፈዋል። አዳራሹ ከብዙ ዓመታት እድሳት በኋላ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. እንደገና ሲከፈት፣ መስተዋቱም አብሮ ታድሶ ነበር። ሠዓሊው በሌሉበት የሚያድስ ሰው «እኔ ብሆን እንዲህ አደርገው ነበር» የማለት መብት የለውም። የእርሱ ሙያ ራሱን መሰወር ነው፤ ተመልካች ስለ አዳሹ ምንም ሳያስብ ቢወጣ ሥራው ተሳካ ማለት ነው። በሕንፃም በሥዕልም እድሳት ማለት አዲስ ማስመሰል በሚመስለን በዚህ ዘመን፣ ይህን ልዩነት ለተማሪዎቻችን ማስረዳት ያስፈልጋል። በየደብሩ ያረጀ ሥዕል በአዲስ ቀለም ተለቅልቆ ሲጠፋ ያየ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ለመምህራን ያለኝ ሐሳብ ሦስት ነው። በአዲስ አበባና በአቅራቢያዋ የምታስተምሩ፣ ግቢው የተባበሩት መንግሥታት ነውና አስቀድማችሁ ፈቃድ በመጠየቅ ተማሪዎችን ይዛችሁ ሂዱ። ስትደርሱም ወዲያው አትናገሩ፤ ተማሪዎቹ ዝም ብለው ይዩ። ርቃችሁ ያላችሁ ደግሞ በምታገኙት ቅጂ ተጠቀሙ፤ ነገር ግን ቅጂ መሆኑን ተናገሩ። ባለቀለም ስስ ወረቀት በጥቁር ካርቶን ፍሬም ውስጥ ለጥፎ በክፍሉ መስኮት ላይ ማቆም ብዙ ወጪ የለውም። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ እንዲያዩት አድርጉ፤ ለውጡን ራሳቸው ይጽፉታል። የኬሚስትሪና የፊዚክስ መምህራንም በዚህ ትምህርት ድርሻ እንዳላቸው አስታውሷቸው።

ያቺ ተማሪ ትምህርቷን ጨርሳ ከሄደች ቆይታለች። ይህን ጽሑፍ ታነበው እንደሆነ አላውቅም። ካነበበችው ግን መልሱ ይህ ነው፦ ጥቁሩ መስመር መስተዋቱን ከመስተዋት ጋር የሚያይዘው እርሳስ ነው፤ ያን ቀን አላውቀውም ነበር፤ አንቺ ግን ጥሩ አድርገሽ አይተሻል።