ከየት ነሽ የማይል ቤት

ቅዳሜ ጠዋት ከቤት የወጣሁት ጸጥ ያለ ቦታ ፍለጋ ነው። ከፎቃችን ሥር ያለው ሱቅ ገና ሳይነጋ ስፒከሩን ይከፍታል፤ ከላያችን ያሉት ደግሞ ሰሞኑን ሴራሚክ እያስቆረጡ ነው። ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ሙዚቃ አልከፈትኩም፤ እንዲያው ሰው እንዳያናግረኝ ብዬ ነው።

በዚያው ሳምንት አንድ ቅጽ ስሞላ "ብሔር" የምትለው ሳጥን ላይ ደርሼ ቆሜ ነበር። የአባቴ ወገኖች የወሎ አማሮች ናቸው፣ የእናቴ የወለጋ ኦሮሞዎች፤ እኔ የፒያሳ ልጅ ነኝ። ሳጥኗ የምትይዘው አንድ ቃል ብቻ ነው። ቅጹን የሚቀበለው ልጅ "የአባትሽን ጻፊውና እንጨርስ" አለኝ፤ ጻፍኩት። ማታ ቤት ስገባ ለእናቴ አልነገርኳትም። በቃ፣ ቅዳሜን የፈለግኩት ለዚህ ነበር።

መጀመሪያ ብሔራዊ ሙዚየም ገባሁ። ምድር ቤት ያለችውን ድንቅነሽን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ በ1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሞላት። ለእይታ የቀረበው የአጥንቷ ቅጂ ነው። ያን ዕለት ክፍሉን የሞሉት ተማሪዎች ነበሩ። አስጎብኚው ቁጥሩን ይናገራል፣ ልጆቹ ይጽፋሉ፣ ስልክ ያለው ፎቶ ያነሳል፣ ቀጣዩ ቡድን ይገባል። አንዷ ልጅ ብቻ "ልጅ ነበራት?" ብላ ጠየቀች። መልስ ሳታገኝ ሰልፉ ይዟት ሄደ። ጥያቄዋ ግን እኔ ጋ ቀረ።

ከዚያ በእግሬ ዳገቱን ወደ ስድስት ኪሎ ወጣሁ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሚገኘው በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ከውጭ የሚጮኸው ከተማ ከዛፎቹ ጀርባ ይቀራል። ማዳመጫዬን አወጣሁ።

የዚህን ሙዚየም አደራደር ማንም ልብ ብሎ ሲያወራለት ሰምቼ አላውቅም። ዕቃዎቹን በብሔር ከፋፍሎ "ይህ የእነ እገሌ ክፍል፣ ያ የእነ እገሌ" ማለት ይቻል ነበር። የተደረደሩት ግን በሰው ዕድሜ ነው፦ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞት። መጀመሪያ ትወለዳላችሁ፤ ጨዋታና ተረት አለ። ቀጥሎ ታድጋላችሁ፤ አደን፣ ጦርነት፣ እምነት፣ የእጅ ሥራ። መጨረሻ ላይ የመቃብር ሐውልት ይጠብቃችኋል። የደቡቡ ከሰሜኑ፣ የቆላው ከደጋው ጎን ለጎን ይቆማል። ስም ተጽፎበታል፣ አልተደበቀም፤ ግን መግቢያ በር አልሆነም። በሩ መወለድ ነው። እዚያ ቆሜ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት ትከሻዬ ወረደ።

ግን ደስ ስላለኝ ብቻ ማለፍ አልፈለግኩም። "ሁላችንም እንወለዳለን፣ ሁላችንም እንሞታለን" ማለት ቀላል ነው። መሬቱ የማን ነበር? ማን ለማን ገበረ? የዕድሜ አደራደር እንዲህ ያለውን ጥያቄ አለዝቦ ያልፈዋል። ጸጥታው እኔን ያሳረፈኝን ያህል ሌላውን ሊያፍነው ይችላል።

የሚገርመው፣ ዕቃዎቹ ያልተናገሩትን ቤቱ ራሱ ይናገራል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት እዚያው ናቸው፤ የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጥይት የበሳው መስታወትም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ግቢ ነው። ደጅ ላይ ደግሞ ወደ ሰማይ የሚጠማዘዝ፣ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ጣሊያኖች ለሙሶሊኒ የሥልጣን ዘመን በዓመት አንድ እርከን እያሉ የሠሩት ነው። አላፈረሱትም፤ አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። ስለ ታሪክ ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ፤ እንደዚያች ትንሽ አንበሳ የገባኝ የለም።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ልጅነት ክፍል ውስጥ የእኔን ልጅነት ፈልጌ አጣሁት። የቀበሌ ቤት፣ የጋራ ቧንቧ፣ በጨርቅ ኳስ የሚጫወቱ የሰፈር ልጆች የሉም። "ባህል" ማለት ገጠር ብቻ የሆነ ይመስላል፤ ከተማ የተወለደ ሰው ጎብኚ እንጂ ተጎብኚ አይሆንም። እኔ ያደግኩበት ሰፈር ዛሬ ፈርሷል። ዕቃዎቹን ማንም ካልሰበሰበ፣ ነገ ልጄ "ከየት ነሽ?" ስትባል የምታሳየው ምን ይኖራታል? ሙዚየሙ የሰውን ዕድሜ መነሻ ካደረገ፣ የከተሜውንም ዕድሜ የሚይዝ መደርደሪያ አያጣም።

ስወጣ ስድስት ኪሎ እንደ ወትሮው ነው። ወያላው "አራት ኪሎ፣ አንድ ሰው!" ይላል፣ ክላክሱ አያባራም። የሰማዕታቱ ሐውልት አጠገብ ቆሜ እናቴ ጋ ደወልኩ።

"እማ፣ እኔ ስወለድ ምን ተደረገ?"

"ምን ማለትሽ ነው? ምንድነው የሚጮኸው? የት ነሽ?"

"ስድስት ኪሎ። ዝም ብለሽ ንገሪኝ።"

"ገንፎ ነዋ! የአባትሽ እናት አገነፉ፣ የእኔ እናት ቅቤውን ከነጋን ይዛ መጣች። እልል ተባለ። ከዚያ ሁለቱ በጨው ተጣሉ። ምነው፣ ደህና ነሽ?"

ደህና ነኝ አልኳት። ስለ ቅጹም ነገርኳት።