በሁለት ቋንቋ የታተመ አንድ ታሪክ

ከጦርነት በኋላ ድንበሩ ይካለላል፤ ምርኮኛው ወደ አገሩ ይመለሳል፤ የፈረሰውም ድልድይ ይሠራል። ልጆች ስለዚያ ጦርነት በትምህርት ቤት የሚማሩት ነገር ግን ብዙ ጊዜ እንደ ነበረ ይቀራል። ዛሬ የምንመረምረው መጽሐፍ ይህን ለማቃናት የተነሣ በመሆኑ፣ አንባቢዎቻችን፣ ይልቁንም መምህራን፣ ስለ እርሱ ጥቂት ቢያውቁ ይጠቀማሉ ብለን እናስባለን። መጽሐፉ የፈረንሳይና የጀርመን የታሪክ ሊቃውንት በአንድነት ያዘጋጁት የሁለተኛ ደረጃ መማሪያ ነው። (ዘመኑን የምንጠቅሰው፣ ካልገለጽን በቀር፣ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ሐሳቡን ያመነጩት ወጣቶች ናቸው። ዠኔራል ደጎልና አዴናወር በ1963 የተፈራረሙት የወዳጅነት ውል 40ኛ ዓመት በ2003 ሲከበር፣ ከሁለቱ አገሮች ተውጣጥተው በበርሊን የተሰበሰቡ ወደ 500 የሚሆኑ ወጣቶች አንድ ዐይነት የታሪክ መጽሐፍ እንዲዘጋጅላቸው ጠየቁ፤ መንግሥታቱም ተቀበሏቸው። ሥራው በሦስት ቅጽ ተፈጸመ። ሁለት አሳታሚዎች፣ አንዱ ፈረንሳዊ ሌላው ጀርመናዊ፣ በየቋንቋቸው አሳተሙት፤ ይዘቱ ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው።

የሥራውን ክብደት ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ከ1870 እስከ 1945 በነበሩት 75 ዓመታት ሁለቱ ሕዝቦች ሦስት ጊዜ ተዋግተዋል። ከመጀመሪያው ጦርነት በፊት በስትራስቡርግ ከተማ የተወለደ አንድ ሰው እስከ 1945 በሕይወት ቢቈይ፣ ከቤቱ ደጃፍ ሳይርቅ መንግሥት አራት ጊዜ ተለውጦበታል። ፈረንሳዊ ሆኖ ተወለደ፤ በ1871 ጀርመናዊ ተባለ፤ ከ1918 በኋላ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ፤ በ1940 ዳግመኛ በጀርመን እጅ ወደቀ፤ በመጨረሻም ፈረንሳዊ ሆነ። ባንዲራው በተለወጠ ቍጥር የልጆቹ መማሪያ መጽሐፍም አብሮ ይለወጥ ነበር። የሁለቱ አገሮች የታሪክ መምህራን በ1935 ተገናኝተው በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ያለውን ጥላቻ ለመቀነስ ሞክረዋል፤ ዘመኑ የሂትለር ዘመን ስለ ነበረ ሙከራው ፍሬ አላፈራም። በ1951 እንደ ገና ተሰብስበው በሚያከራክሩት ነጥቦች ላይ ተስማሙ። እንግዲህ በ2006 የታየው መጽሐፍ ከሰማይ ዱብ ያለ ነገር አይደለም።

የመጽሐፉ ዋና ሙያ፣ በእኛ አስተያየት፣ ስምምነት በሌለበት ስምምነት ያለ አለማስመሰሉ ነው። ስለ አሜሪካ ኃይልና ስለ ኮሙኒስቶች ሥራ ፈረንሳዊውና ጀርመናዊው አንድ አሳብ የላቸውም፤ የመጀመሪያው ናዚን በመቃወም የታገሉትን ኮሙኒስቶች ሲያስብ፣ ሁለተኛው ለሁለት የተከፈለች አገሩን ያስባል። አዘጋጆቹ ይህን ልዩነት አልሸሸጉትም፤ ሁለቱን አመለካከቶች ጎን ለጎን እያቆሙ ለተማሪው ያቀርባሉ። ፍርዱን ራሱ ይስጥ ማለታቸው ነው። በቃል ማጥናት ለለመደ ተማሪ ይህ አስቸጋሪ ነው፤ ለመምህሩማ እጅግ የባሰ ነው!

የቅጾቹ አወጣጥ ግን አሳስቦናል። በ2006 መጀመሪያ የወጣው ከ1945 ወዲህ ያለውን፣ ማለትም የዕርቁን ዘመን የሚተርከው ነው። ጦርነቶቹን የያዘው ቅጽ በ2008፣ የጥንቱን ዘመን የያዘውም በ2011 ተከተለ። በመጀመሪያ ይህን ከድፍረት ማነስ ቈጥረነው ነበር። ኋላ ስናስበው፣ ተጣልተው የታረቁ ሰዎችም ጨዋታቸውን የሚጀምሩት ከዕርቁ ማዕድ እንጂ ከጠቡ እንዳልሆነ ትዝ አለን፤ ስለዚህ ነቀፌታችንን አለዝበናል። የሆነው ሆኖ በዚያ ቅጽ የኤውሮፓ አንድነት ታሪክ ሁሉም ወንዝ ወደ እርሱ የሚፈስ ባሕር መስሎ ይታያል። ነገሩ እንዲህ የቀና አልነበረም።

የዕርቅ መንገድ ምን ያህል እንደሚረዝም ለማወቅ ወደ ቬርደን መሄድ ይበቃል። በ1916 በዚያ ስፍራ በአሥር ወር ውጊያ ከሁለቱም ወገን በጠቅላላው ወደ 300,000 የሚጠጋ ሰው አልቋል። በ1932 በተመረቀው በዱኦሞን የአፅም ቤት ማንነታቸው ያልታወቀ የ130,000 ወታደሮች አፅም ተቀምጧል። የጀርመኑን ከፈረንሳዩ መለየት ስላልተቻለ ተቀላቅለው ያርፋሉ። በሕንጻው ውስጥ በድንጋይ የተቀረጹት ስሞች ግን ሁሉም የፈረንሳውያን ነበሩ፤ የመጀመሪያው የጀርመን ወታደር ስም የተጨመረው በ2014 ነው። በ1984 ሚተራንና ኮል በዚያው ስፍራ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል፤ ሚተራን በ1940 በቬርደን አካባቢ የቈሰለ፣ ኮል ደግሞ ታላቅ ወንድሙ በሁለተኛው ጦርነት የሞተበት ሰው ነበሩ። ፎቶግራፉ ዓለምን ዞረ፤ ከዚያም በኋላ ለአንድ ስም ሠላሳ ዓመት ፈጀ።

ሌላም ነገር እናክል። የዱኦሞንን ምሽግ በጥቅምት 1916 ካስመለሱት መካከል በፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ፣ በዛሬይቱ ጂቡቲ፣ የተመለመሉ የሶማሌ ተኳሾች ይገኙበታል። ጎረቤቶቻችን ናቸው። በዚያ የወደቁ ሙስሊም ወታደሮች የተለየ ሐውልት የቆመላቸው በ2006፣ ማለትም የመጽሐፉ መጀመሪያ ቅጽ በወጣበት ዓመት ነው። ሁለት ሕዝቦች ተቀምጠው በሚጽፉት ታሪክ ውስጥ ለሦስተኛው የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ነው፤ ይህ ጕድለት በአዘጋጆቹ ስንፍና የመጣ ሳይሆን ከሥራው ጠባይ የሚወለድ ነው።

መጽሐፉ በትምህርት ቤቶች የታሰበውን ያህል አልተሠራበትም። በጀርመን 16ቱ ክፍላተ ሀገር እያንዳንዳቸው የራሳቸው የትምህርት ሥርዐት ሲኖራቸው፣ ፈረንሳይ ደግሞ የምትመራው በአንድ ሥርዐት ነው፤ ስለዚህ የሚገለገሉበት በአብዛኛው ሁለቱን ቋንቋዎች አጣምረው የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ይሁን እንጂ ምሳሌነቱ አልጠፋም። ጀርመንና ፖላንድ በ1972 ባቋቋሙት የመማሪያ መጻሕፍት ኰሚስዮን አማካይነት ከ2016 እስከ 2020 አራት ቅጽ የጋራ መጽሐፍ አውጥተዋል።

ይህን ስናነብ አሳባችን ወደ ራሳችን ድንበር መመለሱ አልቀረም። ኢትዮጵያና ኤርትራ ከ1998 እስከ 2000 ባደረጉት ጦርነት በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ወጣቶች ወድቀዋል። በታኅሣሥ 2000 በአልጀርስ ውል ተፈራረሙ፤ በሐምሌ 2018 በአሥመራ ጦርነቱ ማብቃቱን አወጁ። የአዲግራት መምህርና የሰንዓፌ መምህር ስለዚህ ጦርነት አንድ ገጽ በአንድነት ጻፉ ቢባሉ፣ ገና በመጀመሪያው መስመር የሚቸገሩ ይመስለናል። ኤርትራዊው ትረካውን የሚጀምረው በባድመ አካባቢ የኤርትራ መኰንኖች ከተገደሉበት፣ እንደ እኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ 28 ቀን 1990 ነው፤ ኢትዮጵያዊው ደግሞ የኤርትራ ጦር ባድመን ከያዘበት፣ ከግንቦት 4 ቀን ይጀምራል። በመካከሉ ያለው ስድስት ቀን ነው። በፈረንሳይና በጀርመን ዘዴ ቢሆን ሁለቱም ቀኖች በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ይታተሙ ነበር፤ በዚያ ገጽ ላይ «ግንቦት» የሚለው ቃል ራሱ ማብራሪያ ያስፈልገዋል፤ በኤርትራ ግንቦት ማለት የፈረንጆች ሜይ ነውና።