ሮሃ ባንድ፣ ከዘፋኙ ጀርባ

ከደሴ በሐይቅና በውጫሌ አድርጎ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ፣ በካሴት ዘመን የአውቶቡሱ ሙዚቃ የሚታወቀው በዘፋኙ ስም ነበር። እኔን የሚማርከኝ ግን አጃቢው ሮሃ ባንድ ነው፤ የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሰላም ስዩም ሊድ ጊታር። ሮክን የጠገበ ጊታር ነው፤ ቅኝቱን ግን ለአፍታም አይለቅም። አምባሰል ስሟን በሰጠችው ቅኝት ላደገ ጆሮ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ባንዱ ገና አይቤክስ ሲባል ከማሕሙድ አሕመድ ጋር የሠራው «ኧረ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1986 ቤልጅየም ውስጥ ታተመ። በ1999 ደግሞ የፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» ስብስብ 7ኛ ቅጽ ሆነ። ለእኔ ያ አልበም የማሕሙድ የሆነውን ያህል የባንዱም ነው።