የታችኛው ድምፅ ባለቤት

የዘመናዊ ሙዚቃችንን ታሪክ የሚተርኩ ጽሑፎች የሚጋሩት አንድ ልማድ አላቸው። ከድምፃዊው ይጀምራሉ፤ የግጥምና የዜማ ደራሲውን ያነሳሉ፤ ሲበዛ አቀናባሪው ዘንድ ደርሰው ይቆማሉ። መድረኩ ላይ ከድራሙ አጠገብ ቆሞ፣ ብዙም ሳይንቀሳቀስ አራት ወፋፍራም ክሮችን የሚነካው ሰው ከፎቶግራፉ ጠርዝ ላይ ነው፤ አንዳንዴም ጨርሶ ተቆርጧል። ይህ ዳሰሳ ያንኑ ታሪክ ከቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ወገን ሆኖ ለማንበብ ይሞክራል። ከዚያ ወገን ሲታይ ሙዚቃው የማን ነው የሚለው ጥያቄ ከድምፃዊው ጉሮሮ ይወርድና መሣሪያውን ማን ገዛው ወደሚል ጥያቄ ይዞራል።

ቤዝ ወደ እኛ የመጣው ባዶ ወንበር ላይ ለመቀመጥ አይደለም። በሞጣም ሆነ በቢቸና ለሰርግ የሚጠራ አዝማሪ በአንዲት ክር ማሲንቆና በራሱ ድምፅ ሙሉ ነው፤ ከሥሩ ሌላ ደጋፊ ድምፅ አይፈልግም። አሥር ክር ያለው በገና ዝቅ ያለ ድምፅ አለው፤ ነገር ግን የጸሎትና የተመስጦ መሣሪያ እንጂ የጭፈራ አይደለም። ለጭፈራው የታችኛውን ድምፅ ሲያቀብል የኖረው ከበሮ ነው፤ ሰፊው ፊቱ ወፍራሙን፣ ጠባቡ ፊቱ ቀጭኑን ይመታል። ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ የላካቸው የነሐስ መሣሪያዎች፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባዎቹ የአርመን ልጆች ያቋቋሙት የማርሽ ባንድ ሲተከል፣ ዝቅተኛ ድምፅ ራሱን የቻለ ሥራና ራሱን የቻለ ተጫዋች አገኘ። ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ለገበያ ያቀረበው የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር የምሽት ክበቦቻችን ውስጥ ሲገባ ሥራው ቀድሞ ተከፍቶለት ነበር።

የዚህን ሥራ ክብደት ለመረዳት ወደ ቅኝቶቻችን መግባት ግድ ነው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ የሚሉት አምስት ድምፆች ትዝታ ሜጀር ናቸው። እነዚሁ ድምፆች ሳይጨመርባቸው፣ ሳይቀነስባቸው፣ መነሻቸው ላ ሲሆን ባቲ ማይነር ይሆናሉ። ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ትዝታ ማይነር ነው፤ ከሚ ተነስተን ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ስንል ደግሞ አምባሰል ላይ ነን። እንግዲህ ድምፃዊውና ሳክስፎኑ አንድ ዓይነት አምስት ድምፆች ላይ ሲመላለሱ፣ የአድማጩ ጆሮ ቤቱ የትኛው እንደሆነ በአብዛኛው የሚያውቀው ቤዙ ከሚያርፍበት ቦታ ነው። ዜማው መጨረሻ ላይ የሚያርፍበት ድምፅ የራሱ ሥልጣን እንዳለው አልክድም። ነገር ግን ቤዙ ሚን ትቶ ላ ላይ ሙጭጭ ቢል አምባሰሉ ወደ ትዝታ ማይነር ያጋድላል፤ ድምፃዊው የተለየ ነገር ሳያደርግ ሐዘኑ መልኩን ይቀይራል። በምዕራቡ ሙዚቃ ይህን ውሳኔ የፒያኖና የጊታር ኮርዶች ይካፈሉታል። የእኛ ቅኝቶች ግን ብዙ ኮርድ ቢጭኑባቸው ይጠፋሉ፤ ደህና አቀናባሪ ኮርዱን የሚያሳሳው ለዚህ ነው፤ ኮርዱ በሳሳ ቁጥር ሸክሙ ቤዙ ላይ ይወርዳል።

ምቱም እንዲሁ ነው። ችክችካ ስድስቱን ምት ለሁለት ሦስት ሦስት ወይም ለሦስት ሁለት ሁለት አድርጎ ለመስማት ይመቻል። ጎጃም ውስጥ ትከሻ የሚያስነሳው ፈጣን ዘፈን በእነዚህ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ነው የሚኖረው። የበሰለ ቤዝ ተጫዋች ድራሙ በሁለት ሲሄድ አንዳንዴ በሦስት ይረግጣል፤ ጨፋሪው ምን እንደሆነ ሳያውቅ እግሩ ይፈጥናል። ይህን የከበሮው ሰፊ ፊት ልጅ ብዬ ለመጥራት ድፍረቱ አለኝ፤ ከአሜሪካ የሶል ሙዚቃ ብቻ የተቀዳ ነው የሚለውን አልቀበልም።

ቤዝ ተጫዋቹን ጆቫኒ ሪኮን እዚህ ላይ ማንሳት ያስፈልጋል። ከጊታሪስቱ ከሰላም ሥዩም ወልደማርያም ጋር አይቤክስ ባንድን፣ በኋላም ሮሃ ባንድን የመራው እርሱ ነው። ቤዝ ተጫዋች ባንድ ሲመራ ምን እንደሚሆን ለማወቅ እ.ኤ.አ. በ1975 ከማሕሙድ አሕመድ ጋር የተሠራውንና ካይፋ ያሳተመውን «ኧረ መላ መላ» መስማት ይበቃል። ቤዙ አጭር ሐረግ ይዞ ይመላለሳል፤ አያጌጥም፣ አይቸኩልም። የማሕሙድ ድምፅ እንደ ልቡ የሚንከራተተው መሬቱ ስለማይነቃነቅበት ነው። የቤልጂየሙ ክራምድ ዲስክስ እ.ኤ.አ. በ1986 ይህንን ሥራ ለአውሮፓ ሲያቀርብ ቋንቋውን የማያውቁ አድማጮች ወደዱት። ግጥሙን አልሰሙም፤ ድምፁንና ከሥሩ የሚሽከረከረውን ነገር ግን ሰምተዋል። የዋልያስ ባንድ «ሙዚቃዊ ስልት»ም ዓለምን የዞረው በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ ዜማው የግርማ በየነ ነው፣ ቤዙን የተጫወተው መላከ ገብሬ ነው። የመጀመሪያውን ስም የሚያውቁ ብዙ ናቸው። ሁለተኛውን ለማግኘት የሸክላውን ልባስ ጀርባ ማገላበጥ ያስፈልጋል።

ሰላም ሥዩም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጥንቶ በዘመናዊ ሙዚቃችን አመጣጥ ላይ ምርምር መጻፉን በዚሁ ላስታውስ። ከውስጥ ሆኖ ያየ ሰው የጻፈው ታሪክ በእኛ ዘርፍ ብርቅ ነው። ከባንድ አባላት ብዕር ያነሱ ጥቂቶች መሆናቸው የታሪኩን ሚዛን ወደ ድምፃዊው እንዳጋደለው እገምታለሁ።

አሁን ወደ መሣሪያው ባለቤት። በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስ፣ በጦር ሠራዊትና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ዘመን መሣሪያው የመንግሥት ነው፣ ተጫዋቹም ደመወዝተኛ ነው። ሲወጣ እጁን ይዞ ይወጣል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የሸክላ ማሳተሙን የመንግሥት ብቸኛ መብት ደፍሮ ሲሰብር ለኅትመቱ በር ተከፈተ፤ መሣሪያው ግን ገና ነፃ አልወጣም ነበር። በምሽት ክበቦች ውስጥ ጊታሩም፣ አምፕሊፋየሩም፣ ኦርጋኑም የክበቡ ባለቤት ንብረት ነበሩ። ባንዱ ከባለቤቱ ጋር ቢጣላ ባንድነቱ በዚያው ምሽት ያበቃል። ዋልያሶች የራሳቸውን መሣሪያ ገዝተው ሒልተን ሲገቡ የተለወጠው ይህ ነው፤ ሆቴሉን እንደ አሠሪና ሠራተኛ ሳይሆን እንደ ሁለት ወገን ተዋዋዮች ማነጋገር ቻሉ። የባንድ ነፃነት የሚባለው ነገር ከሐሳብ በፊት ዕቃ ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ተጉዘው ከመካከላቸው ገሚሶቹ በዚያው ሲቀሩ ደግሞ የዚህ ነፃነት ሌላኛው ጫፍ ታየ። የራሱ መሣሪያ ያለው ባንድ የትም ሊሄድ ይችላል፤ የትም ሊበተንም ይችላል።

የአይቤክስ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ባንዱ ራስ ሆቴል ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ካርል ጉስታቭ ሉንድግሬን የተባለ ስዊድናዊ የድምፅ ባለሙያ እዚያው ሆቴል ውስጥ በስቴሪዮ ቀዳቸው። ድምፃዊ የሌለበት፣ የባንዱ ብቻ የሆነ ሥራ በዚያ ክረምት መቀዳቱ ለእኔ ትልቅ የሂስ ቁም ነገር ነው። አጃቢ የተባለው ወገን ለአንድ ጊዜም ቢሆን ራሱን ዋና አድርጎ ሰማ። በዚህ ቅጂ ላይ ቤዙን ለይቶ መስማት ይቻላል፤ በዘመኑ በነበሩት ሌሎች ቅጂዎች ላይ ብዙውን ጊዜ መገመት ነው ያለው።

መገመቱ ደግሞ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም ካሴት ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲነካ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። አማኑኤል ከተማ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ባለ ሻይ ቤት ውስጥ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ አነስተኛ ቴፕ ይህን ድምፅ ማውጣት አይችልም ነበር፤ ስፒከሩ ትንሽ ነው። ጆሮ ከበላይ ካሉት ተከታይ ድምፆች ተነስቶ የጎደለውን ይሞላል እንጂ ዝቅተኛው ድምፅ ራሱ እዚያ የለም። በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ ቅጂዎች ላይ የእኛ ቤዝ ተጫዋቾች ወደ ላይኛው አንገት ወጣ ብለው፣ ጠንከር አድርገው፣ ዜማ ቀመስ የሆነ ሐረግ መጫወታቸውን ስሰማ ይህን አስባለሁ። የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ከአማኑኤል ሻይ ቤት ለመሰማት የሚያዋጣው አጨዋወት እርሱ ነበር።

ሮሃ ባንድ በዚያ ዘመን ከእነማን ጋር እንደሠራ መዘርዘር ከእነማን ጋር እንዳልሠራ ከመናገር ይረዝማል። ሰዓት እላፊው ከተማውን ሲዘጋ በሩ ተቆልፎ እስኪነጋ ይጫወታል፤ ቀን ደግሞ ለካሴት ይቀዳል። ለተጫዋቹ የሚከፈለው በአንድ ጊዜ ነው፤ ካሴቱ ሺህም ይሸጥ መቶ ሺህ ለእርሱ ልዩነት የለውም። ክር ሲያልቅ ከውጭ ማስመጣት ጭንቅ ስለሆነ፣ ያረጀውን የቤዝ ክር ቀቅሎ መልሶ የመወጠር ዘዴ፣ በየሀገሩ ያሉ ቤዝ ተጫዋቾች የሚያውቁት ዘዴ፣ ለእኛዎቹ ከብልሃት ይልቅ ኑሮ ነበር ብል የሚቃወመኝ ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ ኪቦርዱ መጣ። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1983 ዲኤክስ 7ን ለገበያ ሲያወጣ የቤዝ ድምፅ በግራ እጅ የሚጫኑት ነገር ሆነ። የዋልያሱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አጣምሮ ብቻውን የሠራው አልበም ግሩም ነው፤ እወደዋለሁ። ነገር ግን ከአንድ ሙሉ ባንድ የተረፈ ሰው የባንድ ጓደኞቹን በማሽን እየተካ የሠራው መሆኑንም እሰማለሁ። እዚያው ከተማ፣ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ አድማስ ባንድ ሌላ መንገድ ሞክሮ ነበር፤ ሄኖክ ተመስገን ቤዙን ይዞ፣ አበጋዝ ክብረወርቅ ሺዎታና ቴዎድሮስ አክሊሉ አብረውት። ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን ሄዱ፤ አዲስ አበባ ስቱዲዮዎች ውስጥ ለረጅም ጊዜ ያሸነፈው የማሽኑ መንገድ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ አንድ አቀናባሪ ለአምስት ሰው ከሚከፈለው ያንሳል።

ሕጉ የደረሰው ዘግይቶ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኞችን የመብት ባለቤት አድርጎ አወቀ፤ አዋጅ ቁጥር 872/2007 አሻሻለው። ቤዝ ተጫዋቹ በወረቀት ላይ ከዋኝ ነው። ችግሩ ያለው ወረቀቱ በማይመልሰው ጥያቄ ላይ ነው፤ በልምምድ ላይ ማንም ሳይጽፍለት ያፈለቀው፣ ዘፈኑን ዘፈን ያደረገው ያ ሐረግ የክዋኔ ውጤት ነው ወይስ የድርሰት? የእኛ ብቻ ጭንቀት አይደለም። የዲትሮይቱ ቤዝ ተጫዋች ጄምስ ጄመርሰን በስድሳዎቹ የሞታውንን ታላላቅ ዘፈኖች ተሸክሞ ስሙ በአልበም ላይ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። የቦብ ማርሌይ ቤዝ ተጫዋች አስተን ባሬት እ.ኤ.አ. በ2006 ለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀርቦ የሮያሊቲ ድርሻውን ጠየቀ፤ ተረታ። ባሬት ያለውን ዓይነት ማስረጃና የዓለም ዝና ይዞ ያልተሳካለትን የእኛ ቤዝ ተጫዋች፣ ውሉ በቃል፣ ክፍያው በእጅ የነበረው ሰው፣ በምን ያሳካዋል? በዚህ በኩል ያለኝ ግምት ጨለምተኛ ነው። የድሮ ሥራዎችን እንደገና የሚያሳትሙ ድርጅቶች የተጫዋቾችን ስም ከነመሣሪያቸው ማውጣት መጀመራቸው ቢያንስ ክርክሩ ሰው እንዲኖረው ያደርጋል።

በዚህ መካከል ነገሩ ተገለባብጧል። ዛሬ በአማኑኤልና በዙሪያው ባሉ ከተሞች ሰርግ ላይ ከድንኳኑ ደጅ የሚደረደረው ስፒከር ያንን 41 ርግብግቢት ደረት ላይ ያሳርፈዋል። የዚያ ዘመን ቴፕ ሊያወጣው ያልቻለው ድምፅ አሁን ከሩቅ ይሰማል። የሚያወጣው ግን ባለ ኪቦርዱ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ቀድሞ ከተጫነ ምት ጋር። ማጉያው ለቤዝ ሲበቃ ቤዝ ተጫዋቹ አልነበረም። ምቱ ሳይዛባ ይሄዳል፤ በሁለትና በሦስት መካከል ያ መንሸራተት ግን የለም። ጨፋሪው ግን ጎደለበት ማለት አልችልም፤ ትከሻው ይሠራል፤ ጉድለት ያልኩት ምናልባት የእኔ የሂስ ጆሮ ብቻ የሚፈልገው ነገር ይሆናል።

ትኩረት የሚገባው ሌላ ነገር በባህል ቡድኖች ውስጥ አለ፤ ቤዝ ክራር። ከሊድ ክራሩ ይተልቃል፤ ክሩ ወፈር ይላል፤ ድምፁ በማጉያ ይወጣል። ተጫዋቹ እንደ ቤዝ ጊታሩ ከቅኝቱ ውጭ ባሉ ድምፆች ላይ መሸጋገሪያ መሥራት አይችልም፤ የተቃኘለት ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ላ ላይ ልረፍ ወይስ ሚ ላይ የሚለው ውሳኔ ምንም ሽፋን የለውም፤ ቤዝ ጊታር ለሚማሩ ወጣቶች በብዙ ልምምድ የሚገለጠው ነገር እዚህ ከመጀመሪያው ቀን ግልጥ ነው። መሣሪያውን የእንጨት ባለሙያ እዚሁ ይሠራዋል፤ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም፤ ተጫዋቹ አሠርቶ የራሱ ሊያደርገው ይችላል። ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ቅኝት ለመሻገር ግን ክሮቹን እንደገና መቃኘት አለበት፤ ስለዚህ ዘፈን ከዘፈን ሳይቋረጥ ለሚፈልግ መድረክ ሁለት ክራር ሊያስፈልገው ነው፣ የሁለተኛውንም ዋጋ የሚከፍለው ራሱ ነው።