«ኮንሴንቴ» እና «ይቻላቸዋል»፦ የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በግስ ርባታ ሲመረመር

የውጫሌ ውል በተነሣ ቁጥር፣ በሐብሩም ይሁን በአዲስ አበባ፣ በየክፍሉ የሚነገረው አንድ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል ስለመላላካቸው አማርኛው «ይቻላቸዋል» ይላል፣ ጣሊያንኛው «ግዴታ አለባቸው» ይላል። የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛው ግን በውሉ ላይ አልተጻፈም። በጣሊያንኛ ግዴታን የሚናገረው ግስ «ዶቬሬ» ነው፤ ለሦስተኛ መደብ ነጠላ ሲረባ «ዴቬ» ይሆናል። በ17ኛው አንቀጽ ውስጥ «ዴቬ» የሚል ቃል የለም። ያለው «ኮንሴንቴ» ነው፤ ትርጉሙም «ይስማማሉ፣ ፈቃደኛ ናቸው» ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ውሉን አደገኛ ያደረገው ግዴታውን በግልጽ አለመናገሩ ነው የሚል ነው። አደጋው የተቀመጠው በግሱ አረባብና የግሱ ባለቤት ማን እንደሆነ በሚወስነው የዐረፍተ ነገሩ አወቃቀር ውስጥ ነው።

ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው፤ ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም ነበር። ፈራሚዎቹ ዐፄ ምኒልክና የጣሊያኑ መልእክተኛ ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ናቸው። ቦታው የግራና ገበያተኛ በደንብ በሚያውቀው የመርሳ–ደሴ መንገድ ላይ፣ ውርጌሳ ከታለፈ በኋላ በሚገኘው ውጫሌ አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ነው። የስፍራው ስም ራሱ የረባ ግስ ነው፤ «ይስማ» በግእዝ ሊቃውንት አጠራር ሣልሳይ አንቀጽ ነው፣ ትእዛዝና ምኞት የሚነገርበት። ስለ አንድ ግስ ይህን ያህል ደም የፈሰሰበት ውል እንዲህ ዓይነት ስም ባለው ቦታ መፈረሙ አጋጣሚ ብቻ ነው፤ ግን ደስ የሚል አጋጣሚ ነው።

የጣሊያንኛ ሰዋስው ግስን በሰባት አገባብ ያረባል። ከእነዚህ አራቱ መደብ ለይተው ይረባሉ፦ ነገሩን እንዳለ የሚናገረው ኢንዲካቲቮ፣ ጥርጣሬንና ፍላጎትን የሚሸከመው ኮንጁንቲቮ፣ በሁኔታ የታሰረው ኮንዲሲዮናሌ እና ትእዛዙ ኢምፔራቲቮ። ቀሪዎቹ ሦስቱ፣ ኢንፊኒቶ፣ ፓርቲቺፒዮና ጄሩንዲዮ፣ መደብ አይቆጥሩም። አሁን «ኮንሴንቲሬ» የሚለውን ግስ በሦስተኛ መደብ ነጠላ እናርባው። «ኮንሴንቴ» ሲባል አሁን ይስማማሉ ማለት ነው። «ኮንሴንቲራ» የወደፊቱ ነው፤ ሊስማሙ ቃል ገብተዋል እንደማለት። «ኮንሴንታ» ኮንጁንቲቮ ነው፣ ይስማሙ ዘንድ። «ኮንሴንቲሬቤ» ደግሞ ኮንዲሲዮናሌ ነው፤ ነገሩ ቢመቻች ይስማሙ ነበር ለማለት። አንቶኔሊ ከእነዚህ ሁሉ የመረጠው የመጀመሪያውን ነው፤ ምርጫውም ቀላል አልነበረም።

ምርጫው ቀላል እንዳልነበረ የሚታየው ከሌሎቹ አንቀጾች ጋር ሲነጻጸር ነው። የውሉ 1ኛ አንቀጽ በሁለቱ መንግሥታት መካከል ዘላለማዊ ሰላምና ጽኑ ወዳጅነት እንደሚኖር የሚናገረው በወደፊት ጊዜ፣ «ሳራኖ» ብሎ ነው። ሁለቱ ጽሑፎች በሁሉም ረገድ እኩል ተአማኒነት እንደሚኖራቸው የሚደነግገው 19ኛው አንቀጽም «ፋራኖ» ይላል። የጣሊያን የሕግ ቋንቋ በሩቅ የሚፈጸምን ግዴታ እንዲህ በወደፊት ጊዜ ይደነግጋል። 17ኛው አንቀጽ ግን ዋና ግሱን በአሁን ጊዜ አስቀመጠ። በአሁን ጊዜ የተነገረ «እስማማለሁ» ደግሞ ሲነገር የሚፈጸም ድርጊት ነው፤ ሙሽራ በቤተ ክርስቲያን «እሺ» እንደሚለው፣ ቃሉ ከአፍ እንደወጣ ነገሩ ተፈጽሟል። ንጉሠ ነገሥቱ ወደፊት ሊስማሙ አልተገደዱም። በጣሊያንኛው ጽሑፍ፣ ማኅተሙ ባረፈበት ቅጽበት ተስማምተው ጨርሰዋል።

ከዚህ ላይ ሁለት ተጨማሪ ነገሮች አሉ። አንደኛው «ሰርቪርሲ» ነው፤ «መገልገል»፣ ኢንፊኒቶ፣ መደብም ጊዜም የሌለው። ሁለተኛው በአንቀጹ መጨረሻ የተሰነቀረው «አቬሴ» ነው፤ «አቬሬ» የሚለው ግስ በኮንጁንቲቮ ያልተፈጸመ ጊዜ (ኢምፐርፌቶ) ሲረባ፣ «ምናልባት ሊኖራቸው የሚችል»። ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሊኖራቸው የሚችል ማንኛውም ጉዳይ ሁሉ፣ «ቱቴ» በሚል ቃል ተጠቅልሎ፣ በጣሊያን መንግሥት በኩል እንዲያልፍ ነው የተስማሙት። እዚህ ላይ ኮንጁንቲቮው ለዘብተኛ ይመስላል፤ ሥራው ግን ተቃራኒ ነው። ገና ያልታሰበ፣ ያልተፈጠረ ጉዳይ ሳይቀር ከመረቡ እንዳያመልጥ ያደርጋል። አንቀጹን የሚያስረው «ዴቬ» ሳይሆን የ«ኮንሴንቴ» የአሁን ጊዜ፣ የ«ቱቴ» ሁሉን አቃፊነትና የ«አቬሴ» ስፋት በአንድነት ነው። አንድ ሰው ጣሊያንኛ ቢያውቅና ግዴታ ፍለጋ ቢያነበው እንኳ ዓይኑ ላይ የሚከብድ ቃል አያገኝም።

አማርኛው ጨርሶ ሌላ ነገር ነው የሠራው። «ይቻላቸዋል» ካልዓይ አንቀጽ (የአሁንና የወደፊት ጊዜ ቅርጽ) ነው። ግሱ «ተቻለ» ነው እንጂ «ቻለ» አይደለም። «ንጉሠ ነገሥቱ ይችላሉ» ቢባል ባለቤቱ ንጉሡ በሆኑ ነበር። በ«ይቻላቸዋል» ግን ባለቤቱ መላላኩ ነው፤ ንጉሡ «አቸው» በምትለው በአክብሮት ቅጥያ በተሳቢነት ብቻ ይታያሉ። ስለዚህ በአማርኛው ማንም ምንም ድርጊት አይፈጽምም። አንድ በር ክፍት መሆኑ ይነገራል፣ በዚያ በር መግባትም አለመግባትም ለንጉሡ የተተወ ነው። በጣሊያንኛው ንጉሡ ባለቤት ሆነው አንድ የማይመለስ ድርጊት ይፈጽማሉ፤ በአማርኛው ንጉሡ ተሳቢ ሆነው ነጻነታቸው ይጠበቃል። ባለቤት መሆን ሁልጊዜ ባለሥልጣን መሆን አለመሆኑን ያሳየ የሰዋስው ጉዳይ ቢኖር ይህ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ፤ ብዙም ሲነገር አልሰማሁም። የአማርኛ ካልዓይ አንቀጽ የአሁኑንም የወደፊቱንም ጊዜ በአንድ ቅርጽ ይሸከማል፤ «ይሄዳል» ዛሬም ነገም ነው። ስለዚህ ጣሊያንኛው በ«ሳራኖ» እና በ«ኮንሴንቴ» መካከል ያደረገው ልዩነት ወደ አማርኛ ሲገባ መጥፋቱ አይቀርም። 1ኛውና 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ አንባቢ ዓይን አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ትርጉሙ ፍጹም ቅን ቢሆን እንኳ ይህ ስንጥቅ ይኖር ነበር።

የምሁራኑ ክርክር ግን ያተኮረው በቅንነት ላይ ነው። ስቨን ሩበንሰን እ.ኤ.አ. በ1964 በአፍሪካ ታሪክ መጽሔት ባወጣው ጥናት፣ በዚያው ዓመት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በታተመው መጽሐፉም፣ የአማርኛውን ግልጽነት አስረድቶ ጣቱን ወደ አንቶኔሊ ቀሰረ። ካርሎ ጂልዮ በቀጣዩ ዓመት ተቃወመው፤ ሩበንሰንም በ1966 መለሰለት። ክርክሩ ማን ምን ያውቅ ነበር በሚል ጥያቄ ላይ ስለቆየ፣ አንቶኔሊ አማርኛ ማወቁ፣ የአስተርጓሚው ግራዝማች ዮሴፍ ንጉሤ ድርሻና የደብዳቤዎቹ ቅደም ተከተል ሰፊ ቦታ ይዘዋል። እንደኔ ግምት ሩበንሰን በዋናው ጉዳይ አሸንፏል። ሆኖም ሁለቱም ወገኖች አንቀጹን ያነበቡት በብዛት በቃሉ ትርጉም ነው፤ ስለ ግሱ አገባብ፣ ጊዜና ባለቤት የሚያነሡት ጥቂት ነው። የማታለሉ ጥያቄ የሚመለሰው ከመዛግብት ነው። የውሉ ኃይል ከየት እንደመጣ ግን ከርባታው ይታያል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል፤ ባጭሩ ልለፈው። ጣሊያን በጥቅምት 1882 ዓ.ም.፣ የበርሊን ስምምነትን 34ኛ አንቀጽ ጠቅሳ፣ ኢትዮጵያ በሞግዚትነቷ ሥር መሆኗን ለኃያላኑ አስታወቀች። ምኒልክ ንግሥናቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ ቢጽፉ፣ ከንግሥት ቪክቶሪያ የመጣው መልስ ነገሩ በጣሊያን በኩል እንዲሆን አመለከተ። በመስከረም 1883 ምኒልክ ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጽፈው አማርኛው ግዴታ እንደማይናገር አስረዱ። በየካቲት 1885 ውሉን እንደማይቀበሉ አስታወቁ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ሆነ።

ከዚህ ቅደም ተከተል መሐል ግን አንድ ክስተት በዝርዝር ሊታይ ይገባዋል፤ በጥር 1883 መጨረሻ የሆነው። አንቶኔሊ አለመግባባቱን ለማብረድ ተመልሶ መጥቶ ነበር፤ እቴጌ ጣይቱም በድርድሩ ውስጥ ነበሩ። ከረጅም ክርክር በኋላ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ቀረበለትና ፈረመ፤ 17ኛው አንቀጽ እንዳለ የሚቀር መስሎት ነበር። በኋላ ጣሊያናዊው ኮንት ሳሊምቤኒ ጽሑፉን ሲመረምረው አንቀጹ ተሰርዟል የሚል ሆኖ ተገኘ። አንቶኔሊ ተቆጥቶ ፊርማውን ቀደደ። ከሁለት ዓመት በፊት በቋንቋ ልዩነት ያተረፈው ሰው በዚያው በቋንቋ ልዩነት ተሸነፈ። ይህን ታሪክ እንደ ብልጠት ወይም እንደ በቀል ብቻ መተረክ ይቀናናል። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ሌላ ነው፤ አማርኛ ያውቃል የተባለለት ዲፕሎማት ሥልጣኑ የተንጠለጠለበትን ግስ ሳያጣራ መፈረሙ።

በወሎ የቅኔ ቤት ያደገ ተማሪ ግስ ሲያወርድ ይህን ዓይነት ስሕተት እንዲሠራ አይፈቀድለትም። ቀዳማይ፣ ካልዓይ፣ ሣልሳይ፣ ቦዝ፣ አርእስት እያለ ርባውን በቃሉ ካላወጣ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊዎች ከዚህ ትምህርት የወጡ ነበሩ። ጣሊያኖች የአማርኛን ግስ እንዲህ በሥርዓት የሚያስረዳቸው ኢትዮጵያዊ ያገኙት በኋላ ነው። የጦቢያ ደራሲ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በኔፕልስ አማርኛ ሲያስተምር እ.ኤ.አ. በ1905 የአማርኛ ሰዋስው፣ በ1911 ደግሞ ስለ አማርኛ ግስ ብቻ የተጻፈ መጽሐፍ በጣሊያንኛ አሳተመ። ሌሎች ምዕራፎችን ወደጎን ትቶ ለግስ ሙሉ መጽሐፍ መስጠቱ፣ ችግሩ የት እንደሚገኝ በደንብ ገብቶት እንደነበር ይጠቁማል። አፈወርቅ በፖለቲካ ምርጫው የሚወቀስ ሰው ነው፤ ወቀሳውም ተገቢ ነው። ግስ ግን ያውቅ ነበር።

በአንጻሩ በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባና በአሥመራ የተነገረው የጎዳና ጣሊያንኛ ይህን ሁሉ ርባታ አራግፎ ጣለው። ላለፈ ነገር ፓርቲቺፒዮው፣ ለሌላው ሁሉ ኢንፊኒቶው በቂ ነበር፤ ኮንጁንቲቮ የሚባል ነገር አልነበረም። ጋራዡ ካምቢዮንና ፍሪሲዮንን ወሰደ፣ ግሱን ግን በራሱ «አደረገ» እና «አስገባ» ሠራ።

ከዓድዋ በኋላ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. የተፈረመው የአዲስ አበባ ውል በ2ኛ አንቀጹ የውጫሌን ውል ለዘለዓለም ሻረ፣ በ3ኛው ለኢትዮጵያ ፍጹም ነጻነት ያለ ማንገራገር እውቅና ሰጠ። የተጻፈው በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነው። ተሸናፊው ወገን በራሱ ቋንቋ ሊፈርም አልቻለም።