ከበሮ በሰው እጅ ያምር፦ ስለ ሜታል ድራም ስም፣ ቆዳና ነሐስ

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይላሉ አበው። ይህን ተረት ያስታወሰኝ እዚሁ ናይሮቢ ተወልዶ ያደገ፣ ከኬንያውያን ጓደኞቹ ጋር ሄቪ ሜታል የሚጫወት አንድ ወጣት ወዳጄ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ያጠራቀማትን ገንዘብ ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ታማ ልግዛ ወይስ ፐርል?» ሲል ጠየቀኝ። በእጁ የያዘው የሚያደንቃቸው ድራመሮች ፎቶግራፍ የታተመበት የፋብሪካ ማስታወቂያ ነበር። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ጠጋ ብለው ሲመረምሩት ግን የዚህ ሙዚቃ ድምፅ ከየት እንደሚመነጭ የሚጠይቅ ነውና፣ መልሱ ከገበያ ምክር ይልቅ ሂስ የሚሻ ሆኖ አገኘሁት።

አስቀድመን ሙዚቃው ከመሣሪያው ምን እንደሚጠብቅ እንመልከት። በደቂቃ 200 ምት በሚጓዝ ዘፈን ውስጥ አንድ ድራመር በሁለት እግሮቹ በየምቱ አራት አራት ጊዜ ቢረግጥ፣ ባስ ድራሙን በደቂቃ 800 ጊዜ፣ በሰከንድ ከ13 ጊዜ በላይ ይመታል ማለት ነው። ከአንዱ ምት እስከ ሚቀጥለው ያለው ርቀት 75 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ድምፅ በዚህች ቅጽበት ውስጥ ካልከሰመ ሁለተኛው በላዩ ይወድቃል፤ አድማጩም ምቶቹን ሳይሆን ጉርምርምታ ብቻ ይሰማል። እንግዲያው የሜታል ድራም ውበቱ በመጮሁ ብቻ ሳይሆን ቶሎ ዝም በማለቱም ነው። ስሌየር በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጣው፣ 29 ደቂቃ ገደማ በሚፈጀው «ሬይን ኢን ብለድ» አልበም ዴቭ ሎምባርዶ የተደነቀው በፍጥነቱ ብቻ አይመስለኝም፤ በዚያ ሁሉ ጥድፊያ መካከል ምቶቹ ለየብቻቸው ስለሚሰሙ ጭምር ነው።

ወደ ስሞቹ እንለፍ። የጀርመኑ ሶኖር ከ1875፣ የአሜሪካው ሉድዊግ ከ1909፣ የጃፓኑ ፐርል ከ1946 ጀምሮ የነበሩ ቤቶች ናቸው፤ ታማ የተባለው ስም ደግሞ የጃፓኑ ሆሺኖ ኩባንያ በ1974 ለገበያ ያቀረበው ነው። ላርስ ኡልሪክን ያየ ታማን፣ የስሊፕኖቱን ጆይ ጆርዲሰንን ያየ ፐርልን፣ የመሹጋውን ቶማስ ሃክን ያየ ሶኖርን ይመኛል። ነገር ግን ጆሮ ያለው ሁሉ ሊያደርገው የሚችል አንድ ፈተና አለ። የሜታሊካን ሦስት አልበሞች በተከታታይ ያዳምጡ። በ1988ቱ «ኤንድ ጀስቲስ ፎር ኦል» ባስ ድራሙ እንደ ጽሕፈት መኪና ደረቅና ሹል ነው። በ1991ዱ፣ ጥቁር ሽፋን ባለው አልበም፣ ያው ድራመር ግድግዳ የሚያክል ሰፊና ከባድ ድምፅ ያሰማናል። በ2003ቱ «ሴይንት አንገር» ደግሞ የስኔሩ ሽቦ ከቆዳው ተላቆ፣ ስኔሩ እንደ ባዶ በርሜል ይጮኻል። ኡልሪክ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የታማ ሰው ነበር፤ የኋለኞቹን ሁለት አልበሞች ያዘጋጀውም አንዱ ቦብ ሮክ ነው። የፋብሪካው ስም ድምፁን የሚወስን ቢሆን ኖሮ ሦስቱ አልበሞች ወንድማማች በሆኑ ነበር። «ሴይንት አንገር» ድፍረቱን ባከብርለትም ሲደጋገም የሚያሰለች ነው፤ ጥፋቱ ግን የምርጫ እንጂ የመሣሪያ አይደለም።

ይህ ማለት ቀፎው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በርች የተባለው እንጨት ድምፁን ቶሎ የሚቆርጥና ጥርት ያለ፣ ሜፕል ደግሞ ሞቅ ያለና ረዘም ብሎ የሚያስተጋባ ነው ሲሉ ሙያተኞች ይናገራሉ፤ ለፈጣን ሜታል እኔም ወደ በርች አደላለሁ። ልዩነቱ ግን የሚሰማው ቆዳው በሚገባ ከተወጠረ በኋላ ነው። በላላና ባረጀ ቆዳ ሥር ሁሉም እንጨት አንድ ነው።

«ቆዳ» ስንል በልማድ ነው። ክረምት ሲገባ የሀገራችን ከበሮ እርጥበት ጠጥቶ ሲላላ፣ ፀሐይ ወይም እሳት ሲያገኝ መልሶ ሲጠብቅ ያየ ሰው የእውነተኛውን ቆዳ ጠባይ ያውቀዋል። ከ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ ኢቫንስና ሬሞ በፕላስቲክ የተኩት ከዚህ ጠባይ ለመገላገል ነበር። ዛሬ ምርጫው በንብርብሩና በውፍረቱ ላይ ነው። የሬሞ አምባሳደር አንድ ንብርብር በመሆኑ ክፍትና አስተጋቢ ነው፤ የሬሞ ኤምፐረርና የኢቫንስ ጂ2 ሁለት ንብርብር ስለሆኑ ዱላውን ይችላሉ፣ ማስተጋባቱንም ያሳጥራሉ፤ ለቶሞቹ የምመርጠው እነዚህኑ ነው። ለባስ ድራሙ የሬሞ ፓወርስትሮክ 3 ከውስጥ በኩል ጠርዙን የሚይዝ ቀለበት አለው፤ የኢቫንስ ኢማድ በበኩሉ ከውጭ የሚለዋወጥ የስፖንጅ ቀለበት ይዟል። እኔ ኢማድን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱም ድራመሩ ቀለበቱን በመቀየር ብቻ ድምፁን እንደ አዳራሹ ሊያረዝመውም ሊያሳጥረውም ይችላል። ባስ ድራሙን በብርድ ልብስ ጠቅጥቆ ማፈን ለምደናል፤ ያ ጩኸቱን ብቻ ሳይሆን ጉልበቱንም ይገድላል።

ነሐሱ ግን ሌላ ነገር ነው። ቆዳ ይቀየራል፤ የቀጠነ ድራም በአወጣጠር ይታረማል፤ መጥፎ ሲምባል ግን እስኪሰበር ድረስ መጥፎ ነው። በ1623 በቁስጥንጥንያ የተጀመረው የዚልድጂያን ቤት ዝነኛ ቅይጥ 80 በመቶ መዳብና 20 በመቶ ቆርቆሮ ነው። በ1981 ከዚሁ ቤተሰብ ተለይቶ በካናዳ የተቋቋመው ሳቢያንም በላቁ ሥራዎቹ ይህንኑ ይጠቀማል። የቆርቆሮው መጠን 8 በመቶ የሆነው ቅይጥ በርካሽ ሲምባሎች ስለሚገኝ ብዙዎች ይንቁታል። ሆኖም የስዊሱ ፓይስቴ «2002» የተሠራው ከዚሁ ነው፤ የሌድ ዘፔሊኑ ጆን ቦናም የመታውም እሱን ነበር። የጠራና የተሳለ ድምፁ በተዛቡ ጊታሮች መካከል ሰንጥቆ ስለሚያልፍ ለሜታል ይስማማል ብዬ አምናለሁ። ሌላው ስሕተት «ሜታል ከባድ ስለሆነ ወፍራም ክራሽ ይሻላል» የሚለው ነው። ወፍራም ክራሽ ለመከፈት የበለጠ ዱላ ይጠይቃል፤ የበለጠ ዱላ ደግሞ ስንጥቅ ያመጣል። ክራሹን መካከለኛ ማድረግ፣ ጉልላቱ ጎልቶ እንዲሰማ ራይዱን ማክበድ፣ ማሰሪያውንም ከልክ በላይ አለማጥበቅ ይበጃል።

እዚህ ላይ ተቃዋሚ ሊነሳ ይችላል፤ ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። በብዙ የዴዝ ሜታል ቅጂዎች ባስ ድራሙ ላይ ትሪገር ይታሰርና ከቆዳው ድምፅ ይልቅ አስቀድሞ የተቀዳ ድምፅ ይሰማል። ከዚህ ከአካባቢያችን ወጥቶ የውጭ ሃያሲያንን ጆሮ ያገኘው የናይሮቢዎቹ የዱማ አልበም፣ በ2020 በካምፓላው ኛጌ ኛጌ ቴፕስ የታተመው፣ ምቱን በአብዛኛው ያገኘው ከኮምፒውተር ነው፤ የፋብሪካ ስም የለበትም፣ ጭካኔው ግን አልጎደለም። ታዲያ ወጣቱ ገንዘቡን ለምን ያጥፋ? መልሴ እንዲህ ነው፦ ዱማ ማሽንን እንደ ማሽን በግልጽ ያሰሙናል፤ ያ የራሱ ጥበብ ነው። ከድራም ኋላ የሚቀመጥ ሰው ግን ቃል የሚገባልን ሥጋውን ነው፤ ድካሙን፣ ትንፋሹን፣ በሰከንድ 13 ጊዜ የመሳት አደጋውን። ይህን የሚያደርሱልን ቆዳውና ነሐሱ ናቸው።

ለወዳጄ የሰጠሁት ፍርድ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ጥሩ ሲምባል፣ ቀጥሎ አዲስ ቆዳና አስተማማኝ ድርብ ፔዳል፤ በተረፈው ያገለገለ የበርች ድራም፣ ስሙ ታማም ሆነ ፐርል ወይም ያማሃ። በመጀመሪያ ቅር ተሰኘ፤ ማስታወቂያው ላይ ያለውን ድራም ለሦስት ዓመታት አልሞታልና። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ደውሎ «ጋሼ፣ ምቶቼን ለየብቻቸው መስማት ጀመርኩ፤ ስሕተቴም ያን ያህል ብዙ መሆኑን አላውቅም ነበር» አለኝ። ከበሮው ከሰው እጅ ወደ እሱ እጅ የገባው፣ በእኔ እምነት፣ ያን ዕለት ነው።