ጸጉርና ትራስ

«ጸጉሬ አላድግ አለኝ» የምትል ደንበኛ ስትመጣ፣ ጎበዝ ሹሩባ ሠሪ ሥሩን ከማየቷ በፊት ጫፉን ትይዛለች። አንዷን ዘለላ በሁለት ጣቷ መሀል አድርጋ ወደ ታች ትስባታለች። ጫፉ ሻካራና የተሰነጠቀ፣ አጫጭር ስብርባሪም የበዛበት ከሆነ መልሱን አገኘች ማለት ነው፦ ጸጉሩ እያደገ ነው፤ ከላይ የበቀለውን ያህል ግን ከታች ይሰበራል። ቀጥላም «እህቴ፣ ማታ እንዴት አድርገሽው ነው የምትተኚው?» ትላለች።

ጥያቄው ተገቢ ነው። የሰው ጸጉር በአማካይ በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ጠምዛዛ ጸጉር ከዚህም ሊዘገይ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ ጥናት የአፍሪካውያን ጸጉር በቀን ከ0.3 ሚሊ ሜትር በታች፣ የአውሮፓውያን ደግሞ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር እንደሚያድግ ለክቷል። ስለዚህ 36 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ጸጉር ጫፉ የ3 ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው፤ ከ1,000 ሌሊት በላይ ትራስ ላይ ተፈትጓል። ከራስ ቆዳ የወጣ ጸጉር ሕይወት ስለሌለው የተሰነጠቀ ጫፍ ተመልሶ አይገጥምም። የማታ እንክብካቤም ሥሩን አያፈጥነውም፤ ሥራው የበቀለውን ማቆየት ነው።

የጥጥ ትራስ ልብስ እርጥበት ይመጥጣል፤ ሰው በተገላበጠ ቁጥርም ጸጉሩን ይፈትገዋል። ጠምዛዛ ጸጉር ደግሞ ቀድሞውኑ ጫፉ ደረቅ ነው፤ ከራስ ቆዳ የሚወጣው ወዝ በጥምዝምዙ እየተያዘ እስከ ታች አይወርድም። ለዚህ ነው የሳቲን ወይም የሐር ሻሽ የሚመከረው። ሻሽ ማሰር የማይመቻት ትራሷን ሳቲን ብታለብስ ያው ነው።

ጸጉርን ከመኝታ የመጠበቅ ጥበብ በደቡብ ኦሞ ከሳቲን በፊት ነበረ። የሐመርና የካራ ወንዶች በሸክላ አፈር የተሠራ የጸጉር ጌጣቸው እንዳይፈርስ ሲተኙ ራሳቸውን ከእንጨት በተጠረበች ትንሽ ብርኩማ ላይ ያሳርፋሉ። ጌጡ መሬት አይነካም፣ አይፈተግም። ይህን ያሰበው ጠራቢ ሊመሰገን ይገባል።

የማታው ሥራ ራሱ ረጅም አይደለም። መጀመሪያ ላስቲኩና ቆንጥጦ የያዘው ሁሉ ይፈታል። ጸጉሩ በአራት ወይም በስድስት ይከፈልና በረጠበ እጅ ዳበስ ይደረጋል፤ እርጥበቱ እንዲሰማ እንጂ ውሃ እንዲንጠባጠብ አይደለም። ጥቂት ጠብታ ዘይት መዳፍ ላይ ታሽቶ ከመሀል ወደ ጫፍ ይቀባል። የተቋጠረው በጣት ይፈታል፤ ማበጠሪያ ካስፈለገ ጥርሱ ሰፋፊ የሆነው ተመርጦ ከጫፍ ተጀምሮ ወደ ሥር ይወጣል። ከሥር ጀምሮ ወደ ታች የሚስብ እጅ ቋጠሮውን ሁሉ አንድ ቦታ ሰብስቦ ይበጥሰዋል። ከዚያ እያንዳንዱ ክፍል ላላ ተደርጎ ይጎነጎናል፤ ሻሹ ይታሰራል። ታጥቦ ገና ያልደረቀ ጸጉር ግን ጎንጉኖ መተኛት ጥሩ አይደለም። ውሃ የጠጣ ጸጉር ያብጣል፣ ሲሳብም ከደረቁ ይልቅ በቀላሉ ይጎዳል።

በቅቤ ነገር ክርክሩ ብዙ ነው። ለጋ ቅቤ ተቀብቶ ማደር የቆየ ልማድ ነው፤ ጥቅምም አለው፤ ጸጉሩን ሸፍኖ ያለውን እርጥበት ያቆያል። የኮኮናት ዘይት ከዚህ አልፎ ይገባል። ሕንዳውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ከሱፍ ዘይትና ከማዕድን ዘይት ጋር ሲያወዳድሩት፣ ወደ ጸጉሩ ውስጥ ዘልቆ የፕሮቲን ብክነትን በጉልህ የቀነሰው እሱ ብቻ ሆኖ አግኝተውታል። ፎረፎር ያለበት ሰው ግን ቅቤም ሆነ ዘይት የራስ ቆዳው ላይ አሳድሮ ባይተኛ ይሻለዋል፤ ከፎረፎር ጋር የሚያያዘው ማላሴዚያ የተባለ ፈንገስ ምግቡ ቅባት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጫፉን ብቻ ይቀባ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበው መጥበቅ ነው። «ጠበቅ ሲል ያሳድጋል» የሚለው አባባል ብዙ ሴቶችን የፊት ጸጉራቸውን አሳጥቷል። በመሳብ የሚመጣ መመለጥ እ.ኤ.አ. በ1907 በግሪንላንድ ሴቶች ላይ ተመዝግቧል፤ ጸጉራቸውን ጥብቅ አድርገው ያስሩ ነበር። የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከግንባርና ከጆሮ በላይ ካለው ስስ ጸጉር ነው። በጊዜ ከላላ ጸጉሩ ይመለሳል፤ ዓመታት ከቆየ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆንና ምንም ዓይነት ቅባት አያበቅለውም። ሻሽም ግንባር ላይ ተወጥሮ በየማታው አንድ ቦታ ከተቋጠረ ከዚሁ ጉዳት አይርቅም፤ ቋጠሮው ማጅራት ላይ ላላ ቢል ይመረጣል።

ልጆች ላይ ነገሩ ይበልጥ ያሳዝናል፤ አንዳንዷ ለበዓል ተሠርታ፣ ራሷን ትራስ ላይ ማሳረፍ አቅቷት ስታለቅስ ታድራለች። «ቻይው፣ ነገ ይለምድልሻል» መባል የለባትም። ሕመሙና ከጸጉሩ ሥር ብቅ ብቅ የሚሉት ትናንሽ እብጠቶች ሥሩ እየተጎዳ እንደሆነ ይናገራሉ። የፊተኛው ረድፍ ያኔውኑ ማታ ይፈታ። የቀረው ሹሩባ ሳይበላሽ ያድራል፤ ያንን አንድ ረድፍ እናትየው ጠዋት ላላ አድርጋ ትሠራዋለች።